የመንገዱን ልክ እንስሳው ሲወስን
በአሜሪካ የገጠር መንገዶች ከውሻና ከድመት ጋር በአርቪ መጓዝ፦ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ1903 ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የተባለ የቬርሞንት ሐኪም ሲዋል ክሮከር ከተባለ መካኒክ ጋር ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በ63 ቀናት ኒው ዮርክ ገባ። አሜሪካን በአውቶሞቢል ከዳር እስከ ዳር በማቋረጥ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው። አይዳሆ ላይ ሦስተኛ መንገደኛ ተጨምሮላቸው ነበር፤ ጃክሰን በ15 ዶላር የገዛው ባድ የተባለ ውሻ። መኪናዋ ጣሪያም የፊት መስታወትም አልነበራትም። የምዕራቡ ደረቅ ምድር አቧራ የውሻውን ዓይን ሲያቃጥለው ጃክሰን መነጽር አደረገለት። መነጽሩ ዛሬ ከመኪናዋ ጋር ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።

ጉዞውን የመረጠው ጃክሰን ነው፤ ውሻው አልመረጠም። ባልመረጠው መንገድ እስከተወሰደ ድረስ ዓይኑን ከአቧራ የመጠበቅ ኃላፊነት የባለቤቱ ሆነ። ዛሬም ብዙ አሜሪካውያን መኝታ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ የያዘውን አርቪ የሚባለውን መኪና እየነዱ፣ ውሻቸውን ወይም ድመታቸውን ይዘው ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ገጠር ገባ ይላሉ። ይህ ጉዞ ለማን ይበጃል? ምን ይጠይቃል? የትስ ይከለከላል? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ጉዞው የሚያምረው የእንስሳውን አቅም የጉዞው ወሰን ለማድረግ ለፈቀደ ሰው ነው። ይህን ያልፈቀደ ሰው እንስሳውን ለሚያምነው ዘመድ አደራ ሰጥቶ ቢሄድ ለሁለቱም ይሻላል።

ከስታይንቤክ የተወረሰ ምኞት

ይህን ምኞት በብዙ ሰው ልብ ያሳደረው አንድ መጽሐፍ ነው። ጆን ስታይንቤክ በ1960 ከኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ተነሥቶ፣ በፒክአፕ ላይ በተገጠመች ትንሽ ቤት፣ ቻርሊ የተባለውን ፑድል ውሻውን ይዞ አገሩን ዞረ። መኪናዋን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ አላት። ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የዚህን ጉዞ ታሪክ የያዘው «ትራቭልስ ዊዝ ቻርሊ» በ1962 ታተመ፤ ደራሲው የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ቻርሊ ለጌጥ አልገባም። ስታይንቤክ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወሬ የሚጀምረው በእርሱ በኩል ነው። ችግሮቹም በእርሱ በኩል ይመጣሉ። ናያጋራ ላይ ወደ ካናዳ ሊሻገር ሲል፣ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የምስክር ወረቀት ስላልነበረው ሲመለስ አሜሪካ እንደማያስገባው ተነግሮት መንገዱን ቀየረ። የሎውስቶን ውስጥ ጨዋው ቻርሊ ድብ ሲያይ እንደ እብድ ሆነ፤ ባለቤቱም ፓርኩን ቶሎ ለቆ ለመውጣት ተገደደ። ሽማግሌው ውሻ መንገድ ላይ ታሞበትም ስታይንቤክ የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ተይዞ ነበር። ወረቀት፣ የዱር አራዊትና ሕመም ዛሬም የዚህ ጉዞ ዋና ዋና ፈተናዎች ናቸው።

መጽሐፉን ግን እንደ መመሪያ መያዝ አያዋጣም። በኋላ ዱካውን የተከተለ ጋዜጠኛ ስታይንቤክ ብዙውን ሌሊት በመኪናዋ ውስጥ እንዳላደረ፣ ሆቴል ያርፍ እንደነበርና ባለቤቱም ረጅሙን መንገድ አብራው እንደተጓዘች አሳይቷል። ይህ የመጽሐፉን ውበት አያጠፋውም። በፍቅሩ ተነሥቶ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን ማወቁ ይጠቅማል፤ በጠባብ ቤት ከውሻ ጋር ለወራት ማደር መጽሐፉ ላይ እንደሚነበበው ቀላል አይደለም።

ቤቱ ለመንገዱ ይሆናል ወይ?

አርቪ ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። አውቶቡስ የሚያክል አለ፤ ከቫን የተሠራ ትንሽ አለ፤ በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢም አለ። ለእንስሳ ትልቁ የተሻለ ይመስላል፤ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ላይ ኤሲ አለው። የገጠር መንገድ ግን ትልቁን አይወድም። ትልልቆቹ ከነኤሲያቸው ከ3.6 ሜትር በላይ ስለሚረዝሙ ዝቅተኛ ድልድይ፣ ጠባብ ዋሻ፣ ክብደት የተገደበበት የእንጨት ድልድይና መዞሪያ የሌለው ፒስታ መንገድ ያስቆማቸዋል። ለስልክ ወይም ለትንሽ መኪና የተሠራ የመንገድ መምሪያ ደግሞ ይህን አይናገርም። ከውሻ ጋር ገጠር ለገጠር ለሚዞር ሰው ቫን ወይም አጭር አርቪ የተሻለ ምርጫ ነው፤ እንስሳው የሚፈልገውን ስፋት ከደጅ ያገኘዋል።

ተሳቢ ለሚጎትቱ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ እንስሳን ተሳቢው ውስጥ ትቶ መንዳት አይገባም። ሙቀቱን የሚያይ የለም፤ ዕቃ ሲወድቅበት፣ ሲንገላታ፣ ሲታመም የሚሰማው የለም። እንስሳው ሹፌሩ ባለበት ክፍል፣ በታሰረ ሳጥን ወይም ለውሻ በተሠራ የደረት ቀበቶ መጓዝ አለበት። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ያልታሰረ ትልቅ ውሻ ራሱንም ሹፌሩንም ይጎዳል።

አንድ ሰንሰለት ተራራ፣ ሁለት ሕግ

የጉዳዩን ሁለት ገጽ በአንድ መስመር ማየት ለሚፈልግ ከቨርጂኒያ እስከ ቴኔሲ ጠርዝ የሚዘረጋውን የአፓላቺያ ተራራ መንገድ የሚተካከል የለም። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጫፍ ጫፍ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 169 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የሰሜን መግቢያው ከዋሽንግተን ወደ 110 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ የቅርብ መንገድ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር የተገደበ ነው። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ቁመት 3.86 ሜትር ብቻ ስለሆነ ባለ ትልቅ አርቪ የመኪናውን ቁመት ለክቶ መግባት አለበት።

ሸናንዶዋ ለውሻ ደግ ነው። ወደ 800 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የእግር መንገዱ ለውሻ የተከለከለው ከ32 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ውሻው ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ገመድ እስከተያዘ ድረስ በቀረው ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ከደቡቡ ጫፍ የሚቀጥለው 755 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይም በገመድ የተያዘን ውሻ ይቀበላል። በዚህ መንገድ ላይ 26 ዋሻዎች አሉ፤ ቅስት ስለሆኑ ከዳር ይልቅ መሐሉ ከፍ ይላል። በ2024 የሄሊን አውሎ ነፋስ በሰሜን ካሮላይና በኩል ያለውን ክፍል ክፉኛ ስለጎዳው፣ የሚሄድ ሰው የተከፈተውንና የተዘጋውን አስቀድሞ ያጣራ።

ፓርክዌዩ የሚያልቀው ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ነው። እዚያ ሕጉ ይገለበጣል። ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ብዙ ጎብኚ በሚያስተናግደው በዚህ ፓርክ ውሻ የሚፈቀድባቸው የእግር መንገዶች ሁለት አጫጭር ብቻ ናቸው። ተራራው ያው ነው፣ ጥቁር ድቡም ያው ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ «ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ይፈቅዳሉ ወይ?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። ሜይን ውስጥ ያለው አካዲያ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገዱን ለውሻ ከፍቷል። የግራንድ ካንየን ደቡብ አፋፍ ላይ ውሻ በአፋፉ መንገድ ይሄዳል፤ ወደ ገደሉ ግን አይወርድም፣ ለሚወርዱ ባለቤቶችም የውሻ ማቆያ ቤት አለ። የሎውስቶን ውስጥ ውሻ ከመንገድ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከካምፕ ሥፍራ ከ30 ሜትር በላይ መራቅ አይችልም።

የሎውስቶንን ክልከላ ከመጠን ያለፈ አድርጎ የሚያይ ሰው በ1981 የሆነውን ይወቅ። ከመኪና ያመለጠ ውሻ የሚፈላ ምንጭ ውስጥ ዘለለ፤ የባለቤቱ ጓደኛ ሊያወጣው ተከትሎ ገባ፤ ሁለቱም ሞቱ። ፓርኮቹ እንስሳን የሚከለክሉት ስለጠሉት አይደለም። የውሻ ሽታ አጋዘንንና ወፎችን ከመኖሪያቸው ያባርራል፤ በሽታ ከዱር እንስሳ ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ዱር እንስሳ ይተላለፋል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ የተቆጣ ድብ አስከትሎ ወደ ባለቤቱ ይሮጣል። እኔ ይህን ሕግ እደግፋለሁ። ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን ፓርክ ደንብ ያንብብ፤ ደንቡ ካልተስማማው መንገዱን ይቀይር።

ሰፊው ምዕራብ

ከፓርክ ውጭ ያለው የሕዝብ መሬት ለእንስሳ የበለጠ ክፍት ነው። ቢኤልኤም የሚባለው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ወደ 100 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይይዛል፤ አብዛኛው በምዕራብ ነው። በብዙው መሬት ላይ ተጓዥ ያለ ክፍያ በ28 ቀናት ውስጥ እስከ 14 ቀን ማደር ይችላል። አብዛኛው መሬቷ የፌዴራል መንግሥት በሆነባት በኔቫዳ የሚያልፈው 50 ቁጥር መንገድ፣ በ1986 «ላይፍ» መጽሔት የአሜሪካ እጅግ ጭር ያለው መንገድ ብሎ ከጠራው በኋላ ዝናው ወጥቷል። ከፋሎን እስከ ኦስቲን ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ መሐል ከተማ የሚባል የለም።

ውሻን ፈትቶ ለመልቀቅ ከዚህ የተመቸ ቦታ ያለ አይመስልም፤ አደጋው ግን እዚሁ ነው። ኔቫዳ በሺዎች በሚቆጠሩ የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች የተበሳሳች ናት። ጅራቱን የሚያንኳኳው መርዘኛ እባብ ድንጋይ ሥር ይተኛል። በብዙ የምዕራብ ግዛቶች ከብት ያለ አጥር ስለሚሰማራ መንገድ ላይ ይቆማል። በኢትዮጵያ መንገድ የነዳ ሰው ይህን አይቶ አይደነግጥም፤ ፍጥነት መቀነስን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የበግ መንጋ ባለበት ደግሞ ትልልቅ ነጭ ጠባቂ ውሾች አሉ። ሥራቸው መንጋቸውን ከተኩላና ኮዮቴ ከሚባለው ተኩላ መሰል አውሬ መጠበቅ ነው፤ የተጓዡን ውሻ ከእነዚያ አይለዩትም። መንጋ የታየ እንደሆነ ውሻን አስሮ፣ ርቀትን ጠብቆ ማለፍ ግድ ነው።

ሙቀት፦ የማይደራደር ጉዳይ

ከሁሉም አደጋ አስበልጬ የምፈራው ይህን ነው። ውሻ እንደ ሰው በገላው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው አየር ራሱ ሲሞቅ ማለክለኩ አያድነውም። ደጁ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ደስ የሚል ቀን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40፣ በአንድ ሰዓት 45 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተው ብዙም ለውጥ አያመጣም። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 41ን ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ አፍንጫቸው ያጠረ ዝርያዎች ደግሞ ቀድመው ይወድቃሉ።

«አርቪው ኤሲ አለው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። የጣሪያው ኤሲ የሚሠራው ከካምፕ ሥፍራ በሚሳብ ኤሌክትሪክ ወይም በጄኔሬተር ነው። የሸናንዶዋና የብሉ ሪጅ የካምፕ ሥፍራዎች ኤሌክትሪክ የላቸውም፤ ጄኔሬተርም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታም ቢሆን በበጋ ሁሉም ኤሲ ሲከፍት መብራት ሊቋረጥ ይችላል። የውስጡን ሙቀት በስልክ የሚያሳውቅ መሣሪያ አለ፤ ጠቃሚ ነው፤ የሚሠራው ግን የስልክ ኔትወርክ ባለበት ነው፣ የገጠር መንገድ ደግሞ ኔትወርክ የሚጠፋበት ነው። የቀረው አስተማማኝ መፍትሔ ቦታና ወቅት መምረጥ ብቻ ነው። በክረምት ወደ አሪዞና በረሃ መውረድ፣ በበጋ ወደ ተራራ መውጣት። የሸናንዶዋ ጫፍ ከሥሩ ካለው ሸለቆ በአምስትና በስድስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አስፋልቱም አይዘንጋ፤ ሰው መዳፉን ለሰባት ሰከንድ ሊያሳርፍበት ያልቻለው አስፋልት የውሻን እግር ያቃጥላል።

መዥገር፣ ትንኝና የሩቁ ሐኪም

አገር የሚያቋርጥ እንስሳ በሽታ ከሚለያይበት ምድር ወደ ሌላው ይሻገራል። በሰሜን ምሥራቅና በላይኛው መካከለኛ ምዕራብ መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል። ትንኝ የምታስተላልፈው የልብ ትል በሁሉም ግዛቶች ታይቷል፤ በደቡብ ግን ይበረታል፣ መከላከያ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። የደቡብ አሪዞና አፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ መሬት በሚቆፍር ውሻ ሳንባ ይገባል። በበጋ በረጋ ኩሬ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሰማያዊ ሽፋን ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በካሊፎርኒያ ደረቅ ሣር ውስጥ ያለ ሹል ዘር በጆሮ፣ በአፍንጫና በጣት መሐል ገብቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ማታ ማታ የውሻን ጣትና ጆሮ መመርመር የዕለት ሥራ ነው።

ሕክምናው በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ሐኪሙ ሩቅ ነው። በብዙ ገጠር የእንስሳት ሐኪም እጥረት አለ፤ የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር እጥረት ያለባቸውን አካባቢዎች በየዓመቱ ይለያል። ያሉትም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከብት የሚያክሙ ናቸው። ስለዚህ መንገድ ሲታቀድ ነዳጅ ማደያ እንደሚታየው ሁሉ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ክሊኒክ ያለበት ከተማም ካርታ ላይ ይታይ። የክትባት ወረቀት ዋናው ከነቅጂው ይያዝ። ወደ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ተሻግሮ የሚመለስ ደግሞ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሚሠራውን ደንብ ይወቅ፦ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት።

ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። በአርቪ ግን የሚበላበት ቦታ በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ ትላንት ያላየውን ደጃፍ ዛሬ የእኔ ብሎ ሊጠብቅ ይነሣል። በየማደሪያው ጎረቤት የሚያማርረው በዚህ ነው። ብዙ የካምፕ ሥፍራዎች የሚጮኽ ውሻን ከነባለቤቱ ያስወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ፒትቡልና ሮትዋይለርን የመሰሉ ዝርያዎችን አያስገቡም። ሰው ሲያይ የሚረጋጋ፣ ብቻውን ሲቀር የማይሸበር፣ ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ለዚህ ጉዞ ተስማሚ ነው። ቡችላና በጣም ያረጀ ውሻ፣ እንዲሁም መኪና ሲነሣ የሚያስመልሰው አይስማማቸውም።

ድመት ሌላ ጉዳይ ነው። ድመት ከቦታ ጋር አጥብቃ ትተሳሰራለች፤ ሽታውን የምታውቀው ቤት ለእርሷ መረጋጊያዋ ነው። ይህ በአርቪ ሊሠራ የሚችለው ቤቱ ራሱ ስለሚከተላት ነው፤ ጥቂት ቀናት ተደብቃ ቆይታ ብዙ ድመት ትለምደዋለች። ዋናው አደጋ መደበቂያው ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ በሚንሸራተት አርቪ ውስጥ ድመት ከማንሸራተቻው መሣሪያ መሐል ልትገባ ትችላለች፤ ግድግዳው ከመንቀሳቀሱ በፊት ድመቷ በዓይን መታየት አለባት። በር በተከፈተ ቁጥር የማምለጥ ዕድል ስላለም ማይክሮቺፕ ይቀበርላት፤ ይህ ግን ያለችበትን አያሳይም፣ ያገኛት ሰው ባለቤቷን እንዲያውቅ ብቻ ይረዳል። በቀቀን የሚያሳድጉ ደግሞ የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ ወፍን እንደሚገድል ይወቁ፤ በጠባብ ቤት አደጋው የባሰ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሰውም ጉዳይ አለ። ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን በአርቪ የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ውሻው ቤተሰብ ነው። ጠዋት የሚያስነሣቸው፣ ደጅ የሚያወጣቸው፣ ከጎረቤት የሚያስተዋውቃቸው እርሱ ነው። ይህን ጥቅም ማንም አያቃልለው። ግን ባለቤቱ በድንገት ሆስፒታል ቢገባ ውሻው በተዘጋ አርቪ ውስጥ ይቀራል። በር ላይና በቦርሳ ውስጥ «እንስሳ አለ» የሚል ጽሑፍና የሚደወልለት ሰው ስልክ መኖር አለበት።

በአሜሪካ ያሉ የእኛ ቤተሰቦችም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ናቸው። ወላጆች ውሻን የሚያውቁት በግቢ ጠባቂነቱ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው በሚገድልበት አገር ያደገ ሰው ውሻን መፍራቱም ትክክል ነው። ልጆቹ ደግሞ ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛበት አገር አድገዋል። ክትባቱ የተሟላ ውሻ ይዞ ሸናንዶዋ ሁለት ሌሊት ማደር ሁለቱን ወገን ከሙግት ይልቅ በተግባር ያቀራርባል ብዬ አምናለሁ፤ ወላጅ የውሻውን ጠባይ ያያል፣ ልጅም ጧት ማታ ውሻ ማውጣት የማን ሥራ እንደሆነ ይማራል።

ፍርዱ

ይህን ሁሉ ካመዛዘንኩ በኋላ ጉዞውን እደግፋለሁ፤ በቅድመ ሁኔታ። ረጅሙ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት እንስሳውን ሐኪም ይየው፤ ከዚያ ለቤት ቅርብ በሆነ ሥፍራ ሁለት ሦስት ሌሊት ይሞከር። እንስሳው እንደ ወትሮው ከበላ፣ ከተኛና ከተጸዳዳ መንገዱ ይቀጥል፤ እምቢ ካለ ይመለስ፣ መመለሱም እንደ ውርደት አይቆጠር። ቀኑ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማቆሚያ ይለካ፤ በየሁለት ሰዓቱ መውረድ፣ ውኃ መስጠት፣ ማንሸራሸር። እንስሳ በማይገባበት ፓርክ ደጃፍ ሲደረስ ሁልጊዜ የሚቀየረው የሰው ዕቅድ ይሁን።

እንዲህ የሚጓዝ ሰው የሚያጣው ፍጥነትንና ጥቂት ታዋቂ ቦታዎችን ነው። ገጠር መንገድ ግን ለፍጥነት አልተሠራም፤ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር የተገደበ መንገድ ላይ የሚቸኩል ሰው ቀድሞውኑ መንገዱን ተሳስቷል። ውሻ የሚፈልገው አጭር ቀን፣ ጥላ ያለው ማቆሚያ፣ በእግር የሚታይ ሜዳ ነው፤ ገባ ያለው መንገድ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ የእንስሳውን ልክ የጠበቀ ተጓዥ ለእንስሳው ብሎ ጉዞውን አላሳነሰም፤ እንዲያውም አውራ ጎዳናውን የተወበትን ምክንያት ያገኘው በዚህ ነው።